በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የጽሞና ጎጆ አሠራር፦ እሳቱ የጋራ፣ ዝምታው የግል

ይህ መመሪያ አንድ የጋራ ቤትና በዙሪያው ጥቂት ጎጆዎች ያሉበት፣ ሰው ለተወሰነ ቀን ብቻውን ሊሆን የሚመጣበትን ቦታ ለመሥራት ላሰበ ነው። እንግዳው ለጸሎት ይምጣ፣ ለመጻፍ ይምጣ፣ ወይም ከአዲስ አበባ ጫጫታ ሸሽቶ ተራራ ሊያይ ይምጣ፣ የሚያስፈልገው ቤት ያው ነው።

ደጋ ስል ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ወደ አንኮበር፣ ወደ ጣርማ በርና ወደ መንዝ ያለውን ማለቴ ነው። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ሣር ምድር ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ለመሥራት ካሰባችሁ ግን ይህን መመሪያ ተዉት። እዚያ 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሙቀቱ ሌላ፣ ምስጡ ሌላ፣ ቤቱም ሌላ ነው።

1. የሚጋራውንና የማይጋራውን ለዩ

ፕላን ከመሳላችሁ በፊት አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንድ በኩል እንግዶች አብረው ሊጠቀሙበት የሚችሉትን ጻፉ፤ በሌላው እያንዳንዱ ለብቻው ሊኖረው የሚገባውን።

እኔ የምከፍለው እንዲህ ነው። የጋራ፦ እሳት፣ ወጥ ቤት፣ ማዕድ፣ ሙቅ ውሃ፣ ስልክ መሙያ። የግል፦ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መስኮት፣ በር፣ ደጃፍ ላይ የምትቀመጥ አንዲት መደብ። ከዚህ ውጭ ጎጆው ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ወጪ ነው፤ ዝምታውንም ይቀንሳል።

ከሁሉም የሚከብደው ውሳኔ የእሳቱ ነው። ደጋ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። በየጎጆው ምድጃ ከሠራችሁ እንግዳው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ የጋራ ቤቱም ባዶውን ያድራል። እሳቱን በጋራ ቤት ብቻ ካደረጋችሁት ግን ማታ ማንም ሳይጠራው ሁሉም ይመጣል። ይሞቃል፣ ይበላል፣ ካሻው ያወራል፣ ከዚያ ወደ ጎጆው ይመለሳል። «የትውውቅ ፕሮግራም» ምናምን አያስፈልግም። ብርዱ ራሱ ፕሮግራም ያወጣል።

ደግሞ አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ገዳሞቻችን ይህን ካወቁት ብዙ ዘመን ሆኗል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከመሠረቱት ከደብረ ሊባኖስ ጀምሮ ብታዩ፣ መነኩሴው በበዓቱ ብቻውን ነው፤ ለጸሎትና ለማዕድ ግን ከማኅበሩ ጋር ይሰበሰባል። ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ያውቃል። ሕዝብ በሞላበት ቦታም ሰው ብቻውን መሆን ይችላል፤ ሰዓቱና ደንቡ ከታወቀ።

ብዛቱን በመሶብ ለኩት። አንድ መሶብ አምስት ስድስት ሰው ያበላል። ሁለት መሶብ ከተዘረጋ አሥራ ሁለት ሰው ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የጋራ ቤቱ ሆቴል ሆቴል ይሸታል። ስለዚህ ከስድስት ጎጆ አትለፉ። ጥንዶች ቢመጡም ቁጥሩ ያስኬዳል።

2. ቦታውን በሁለት ወቅት እዩት

ሻጭና ደላላ ቦታ የሚያሳየው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ አደይ አበባው ፈክቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ። አትመኑት። አንድ ጊዜ በነሐሴ ሂዱ፣ ውሃው በየት እንደሚወርድና የት እንደሚተኛ ለማየት። አንድ ጊዜ ደግሞ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ሂዱና እዚያው እደሩ፤ ውርጩ የት እንደሚወድቅ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ታዩታላችሁ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈሳል። ስለዚህ ጉድጓዳማው ሜዳ ከላዩ ካለው ተረተር ይልቅ ይበርዳል። ጎጆ የሚቀመጠው ከሜዳው ከፍ፣ ከተረተሩ ጫፍ ዝቅ ብሎ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአገሬው ሰው መጠየቅም አይረሳ።

ገደል አፋፍ ላይ መሥራት ሁሉም ይመኛል። ከአንኮበር፣ ከጣርማ በር ወይም ከጓሳ ጫፍ ቆሞ ወደ አፋር ቆላ የተመለከተ ሰው ምኞቱ ይገባዋል። ግን መሬቱ ይንሸራተታል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በደብረ ሲና አካባቢ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅሏል። ምልክቶቹን ተመልከቱ፦ ግንዳቸው ከሥር ጎብጦ ወደ ላይ የቀና ዛፎች፣ በሣሩ መሃል የሚሮጥ ስንጥቅ፣ በቁልቁለቱ መሃል ድንገት የሚፈልቅ ውሃ፣ ያዘነበለ ካብ። ከእነዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ካያችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ባይኖሩም ጎጆውን ከአፋፉ ቢያንስ 30 ሜትር አርቁት፤ የመሬት ባለሙያ ከዚህም ራቅ በሉ ካላችሁ ስሙት። እይታውን ለማግኘት እንግዳው ትንሽ ይራመድ። ምን አለበት?

ቀጥሎ አፈሩ። ጅሩ፣ እነዋሪና ደነባ ያለው ጥቁር አፈር ለጤፍና ለስንዴ ድንቅ ነው፤ ለቤት ግን ጠላት ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱንም አብሮ ያንቀሳቅሳል። እዚያ ከሆነ የግድ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ አውጥቶ ጠንካራው ላይ መድረስ ነው። ድንጋያማና ቀይ አፈር ያለበት ተዳፋት ይሻላል።

ሦስተኛው ነገር የሰው መንገድ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ምንጭና ወደ ግጦሽ የሚወስዱትን የእግር መንገዶች በሙሉ ካርታችሁ ላይ አስፍሩ። አንዱንም አትዝጉ። መንገድ የዘጋ ሰው በአገሩ ሰላም አያገኝም፤ ልጆቹ በአጥሩ ላይ ይዘላሉ፣ ከብቱም ጎጆው ድረስ ይመጣል። ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ ዙሩት። የትኛው መሬት የማን እንደሆነ፣ የት ላይ ክርክር እንዳለ ከወረዳው ወረቀት ቀድመው የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ወረቀቱም ግን አይቀርም፦ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምታገኙት የመጠቀም መብት እንጂ ባለቤትነት አይደለም። ውሉን በጽሑፍ ጨርሳችሁ አንድ ድንጋይ አንሱ።

የዱር አራዊት ካለበት አጠገብ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጭላዳው ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ወደ ሣሩ ይወጣል። የሚወጣበትን ጥግ አትያዙት፤ ምግብም አትስጡት። ጓሳ አካባቢ ደግሞ ቀይ ቀበሮ አለ። የቤት ውሻ የእብድ ውሻ በሽታና ሌላም ያስተላልፍበታል። ስለዚህ ዘበኛችሁ ሰው ይሁን፤ ውሻ አታስገቡ።

3. ፀሐይንና ነፋስን አስታርቁ

ሰሜን ሸዋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ወደ ደቡብ አዘንብላ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ብዙ ሰው «እንግዲያው መስኮቱ ወደ ደቡብ ይሁን» ይላል። ግን ሒሳቡን ሥሩት። ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክዳን በዚያ ሰዓት 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ወደ ታች ይጥላል። የጎጆ ግድግዳ አጭር ስለሆነ መስኮቱን ሊሸፍነው ምንም አይቀረው። ክዳኑን ማሳጠር ደግሞ አይቻልም፤ የክረምቱ ዝናብ ግድግዳውን ይበላዋል።

መፍትሔው የጠዋት ፀሐይ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከክዳኑ ሥር ገብታ አልጋው ላይ ትደርሳለች። ሰውም ፀሐይ የሚናፍቀው በዚያ ሰዓት ነው፤ ውርጭ ያደረበት ሌሊት ሲነጋ። ስለዚህ ዋናው መስኮት ወደ ምሥራቅ ይሁን። ደግነቱ በአፋፉ በኩል እይታውም ወደ ምሥራቅ ነው።

ችግሩ ነፋሱም ጉሙም የሚመጡት ከዚያው መሆኑ ነው። ከቆላው የሚወጣው ጉም ከሰዓት በኋላ አንኮበርንና ጣርማ በርን ውጦ ያድራል። መስኮቱን ድርብ አድርጉት፦ ከውስጥ መስታወት፣ ከውጭ የእንጨት መዝጊያ። ስፋቱ ከአንድ ሜትር በአንድ ሜትር አይብለጥ። በሩን በሌላ በኩል፣ ነፋስ በማያገኘው ጎን አውጡ። መጽሔት ላይ የሚታየው፣ ከግድግዳው መስታወቱ የሚበልጠው ቤት እዚህ አይሠራም፤ ቀን ላይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል።

4. ጎጆዎቹን በትኑ፣ ግን አታርቁ

በሁለት ጎጆ መሃል ቢያንስ 30 ሜትር፣ ከጋራ ቤቱ እስከ ጎጆው ደግሞ ከ50 እስከ 80 ሜትር ጥሩ ርቀት ነው። ከዚህ ከቀረበ ሳል ይሰማል። ከዚህ ከራቀ ሌሊት ባትሪ ይዞ መሄድ የሚፈራ ሰው እራት መምጣቱን ይተዋል።

ከርቀቱ ይልቅ ግን ዋናው የበሩ ፊት ነው። ሁለት በሮች ፊት ለፊት አይተያዩ። ከበሩ ሲወጣ የመጀመሪያው የሚያየው ነገር የሌላ ሰው በር ከሆነ ሰላምታ ግድ ይሆናል። የእኛ አገር ሰላምታ ደግሞ በአንድ ቃል አያልቅም፤ ደህና አደርክ ብሎ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ አዝመራ ሳይጠይቅ የሚያልፍ የለም። ጨዋነት ነውና እንግዳው ሊሸሸው አይችልም። አርክቴክቱ ነው ሊያተርፈው የሚገባው። እያንዳንዱ በር ወደ ኮረብታ ወይም ወደ ዛፍ ይይ።

ከየጎጆው መታየት ያለበት አንድ ነገር ቢኖር የጋራ ቤቱ ጭስ ነው። ጭሱ ሲታይ ሰው እንዳለ ይታወቃል፤ ብቻውን ያለው እንግዳም ልቡ ያርፋል። ጎጆዎቹ እርስ በርስ ላይተያዩ፣ ሁሉም ግን ጭሱን እንዲያዩ አድርጎ መደርደር ነው ጥበቡ። ካስማና ረጅም እንጨት ይዛችሁ ሜዳው ላይ ሞክሩት። በየጎጆው ቦታ ላይ ተቀመጡና፣ ቆማችሁ ሳይሆን ተቀምጣችሁ፣ ምን እንደሚታይ እዩ።

መንገዱ ከጋራ ቤቱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይውጣ። ማንም ወደ ራሱ ጎጆ ለመሄድ የሌላውን ደጃፍ አይረግጥም። የጎደለውን መከለያ በካብና በቁጥቋጦ ሙሉት። አስታ፣ ኮሶና ጥድ እዚያው የሚበቅሉ ናቸው። ባህር ዛፍ ለማገዶ አስፈላጊ ነው፤ ግን ከምንጩና ከጎረቤት እርሻ አርቃችሁ ትከሉት። ውሃ ይጠጣል ብሎ ገበሬው የሚያማው ያለ ምክንያት አይደለም።

5. ግድግዳውንና ክዳኑን ሥሩ

መጠኑ በውስጥ በኩል 3.5 በ4 ሜትር ይበቃል። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ አንድ ሰው ለስግደት ወይም ለስፖርት የሚዘረጋበት ወለል። ቤት ሲሰፋ ይበርዳል።

የመንዝና የአንኮበር ሰው በድንጋይ መሥራት ያውቅበታል። ግንበኛውን ከዚያው ቅጠሩ። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ ይሁን፤ መሠረቱ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በየሜትሩ የግድግዳውን ውፍረት ሙሉ የሚያልፍ ማሰሪያ ድንጋይ ይግባ። ይህን ግንበኛ ሲቸኩል ይዘለዋል፤ ቆማችሁ አስገቡት። ሁለት ፊት ብቻ ገንብቶ መሃሉን በጠጠር የሞላ ግድግዳ ሲነቃነቅ ሆዱ ይከፈታል።

ይነቃነቃል ወይ? አዎ። የስምጥ ሸለቆው ጫፍ ነው እኮ። በ1953 ዓ.ም. የደረሰው የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷታል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ የከረመውም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ስለዚህ በግድግዳው ጫፍ ላይ ዙሪያውን የሚያስር ቀለበት ግድ ነው። በፌሮና በአርማታ ይሠራል። ወይም ሁለት ትይዩ የባህር ዛፍ ግንድ በየማዕዘኑ ተጠላልፎና ተቸንክሮ ይሠራል። ሲሚንቶ የማበዛበት ብቸኛ ቦታ ይህ ነው። የክዳኑ እንጨትም ከቀለበቱ ጋር ይታሰር።

አሁን ስለ ሙቀት። ብዙ ሰው ድንጋይ ቤት ይሞቃል ይላል። ድንጋይ ያገኘውን ሙቀት ይይዛል እንጂ ብርድ አይከለክልም። እሳት የሌለው ድንጋይ ቤት በታኅሣሥ ማቀዝቀዣ ነው። ሚስጥሩ በውስጥ በኩል ያለው ልስን ነው። ጭቃውን በብዙ ጭድ አቡኩት፤ ጭዱ ከጭቃው በዝቶ እስኪታይ ድረስ። ለጥቂት ቀን ይብላላ፣ በእግር ይረገጥ። ከዚያ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት በሁለት ዙር ለስኑት፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይለጠፍ። ቀይ አፈር ተጠቀሙ። ጥቁሩ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በውጭ በኩል ኖራ መቀባት ዝናቡን ይችላል።

ከላይ የሚጠፋውን ሙቀት ደግሞ ኮርኒስ ይይዘዋል። አያቶቻችን አቡጀዲ ወጥረው ያደርጉት ነበር። ዛሬም ይሠራል፤ ከላዩ የሱፍ ቁርጥራጭ ወይም ደረቅ ጭድ ብትደርቡበት ደግሞ የበለጠ ያሞቃል፤ ለአይጥ ግን መግቢያውን ድፈኑ። ወለሉን በባህር ዛፍ ጣውላ ከመሬት አንሱት። አልጋው ላይ የመንዝ ባና፣ ወለሉ ላይ ዝተት። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስም እዚያው አጠገባችሁ ነው። ከውጭ የመጣ ፖሊስተር ብርድ ልብስ አምጥቶ መንዝ ላይ መዘርጋት እኔ ነውር ነው የምለው።

ክዳኑ ላይ ነው ብዙ የምንከራከረው። ቆርቆሮ ወይስ ሣር? እኔ ሁለቱንም እላለሁ፤ በየቦታቸው።

ጎጆዎቹ ሣር ይልበሱ። ቆርቆሮ ሥር ሆኖ የክረምት ዝናብና በረዶ ያዳመጠ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ዝምታ ፍለጋ መጥቶ ከበሮ ሥር ያድራል። ሣር ግን ድምፁን ይውጠዋል፣ ሌሊትም ያሞቃል። ከሣር ሁሉ የጓሳ ሣር ይበረታል፤ ብዙ ዓመት ይቆያል። ግን ዝም ብሎ የሚታጨድ አይምሰላችሁ። የጓሳን መሬት የመንዝ አባቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፦ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ የሚታጨድበት ጊዜ ይወሰናል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ኅብረተሰቡ መልሶ በራሱ መንገድ ይጠብቀዋል። ሣሩን ከእነሱ፣ በፈቀዱት ጊዜ፣ በዋጋ ግዙ። ካልተገኘ የስንዴ ጭድ ወይም ሌላ የአካባቢው ሣር ይተካዋል፤ ቶሎ ግን ይቀየራል።

የሣር ክዳን ቁልቁለቱ ቢያንስ 45 ዲግሪ ይሁን። ዘቅዘቅ ካላለ ውሃው ይተኛል፣ ሣሩም ይበሰብሳል። ውፍረቱ 25 ሳንቲ ሜትር ይድረስ። ጥድና ዝግባ አትቁረጡ። ወፍ ዋሻ ያለውን የተፈጥሮ ደን ካያችሁ በኋላ ልባችሁ አይፈቅድም፤ ሕጉም አይፈቅድም። አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣ የጥድ እንጨት ከተገኘ ግን ዕድል ነው፤ ለበርና ለመቃን ያዙት። ለቀሪው የደረቀና የተላጠ ባህር ዛፍ ይበቃል።

የሣር ክዳኑ ከእሳት ነገር ጋርም ግንኙነት አለው። ሣር ክዳን ሥር ምድጃ አይገባም፤ ሻማም አይገባም። ከሰል ደግሞ ፈጽሞ። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል፤ በየዓመቱ በብርድ ወቅት የምንሰማው ሐዘን ነው። በበሩ ላይ በግልጽ ጻፉት። እንግዳው ከጋራ ቤቱ ሲመለስ ሙቅ ውሃ የተሞላ የጎማ ከረጢት ይያዝ፤ በባና ተጠቅልሎ እስኪነጋ ያሞቃል።

6. ውሃውን ከጋራ ቤቱ ጣሪያ ሰብስቡ

የጋራ ቤቱ ቆርቆሮ ይልበስ። ከሣር ክዳን የሚወርድ ውሃ ቡናማ ነው፤ ከቆርቆሮ የሚወርደው ይጠራል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ጣሪያው 60 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ የሚባክነውን 20 በመቶ ቀንሳችሁ፣ 43,000 ሊትር ያህል ታገኛላችሁ።

ግን ዝናቡ የሚመጣው በአንድ ጊዜ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም። የበልግ ዝናብ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ስለዚህ ቢያንስ አምስት ወር ደረቅ ነው ብላችሁ አስቡ፤ በልጉ ከቀረ ይረዝማል። ስምንት ሰው በቀን 25 ሊትር ሲጠቀም በ150 ቀን 30,000 ሊትር ይሆናል። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሦስት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሮቶውን ከፀሐይ ሸፍኑት። በአሸንዳው ላይ የመጀመሪያውን ዝናብ ወደ ውጭ የሚጥል መቀየሪያ አድርጉ፤ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባል። የሚጠጣው ይፈላ ወይም ይጣራ።

ወደ ጎጆዎቹ ቱቦ አትዘርጉ። በየጎጆው አንድ ማሰሮና መታጠቢያ ሳህን በቂ ነው። ቱቦ በበዛ ቁጥር የሚፈስም ይበዛል፣ ጠጋኝም በየቀኑ ይመጣል። ገላ መታጠቢያው ከጋራ ቤቱ ጎን ሆኖ በፀሐይ ማሞቂያ ይሞቃል። መታጠቢያ ሰዓቱን ከቀኑ 9 እስከ 12 አድርጉት፤ ያኔ ውሃው ትኩስ ነው።

7. ሽንት ቤት፣ መብራት

ለእያንዳንዱ ሁለት ጎጆ አንድ ደረቅ ሽንት ቤት ይበቃል። ሽንቱ ለብቻ ይወርዳል፣ ሌላው በአመድና በጭድ ይሸፈናል። ሁለት ጉድጓድ ይኑረው፤ አንዱ ሲሞላ ተዘግቶ ቢያንስ ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ለዛፍ ይሆናል። የጋራ ቤቱ ምድጃ አመድ ስላለው አመድ አይጎድልም። ከምንጭ ከ30 ሜትር በላይ፣ ወደ ታች በኩል ይሁን።

ሶላሩ በጋራ ቤቱ ላይ ነው። ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዘንበል ይበቃል፤ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥብ ያህል ነው። በየጎጆው አንዲት ትንሽ የሶላር ፋኖስ። ሶኬት የለም። ስልኩ በጋራ ቤቱ ይሞላል፤ ይህ ሆን ተብሎ ነው።

8. የጋራ ቤቱን ለመምጣትም ለመሄድም ቀላል አድርጉት

እሳቱ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ወደ መሃል ገባ ብሎ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ይሁን። ዙሪያውን መደብ ሥሩ፤ ዝተት ይነጠፍበት። መደብ ከወንበር ይሻላል፤ አንድ ሰው ሲመጣ ሌላው ጠጋ ይላል፣ ቦታ የሚይዝ የለም። ከክብ መደቡ ወጣ ብሎ ግን እሳቱን የሚያይ አንድ ጥግ ይኑር፤ መሞቅ ፈልጎ ማውራት የማይፈልግ ሰው እዚያ ይቀመጣል። ይህን ጥግ የረሳ ቤት ዝምተኛውን እንግዳ ወደ ብርድ ይሰደዋል።

በሩ ሁለት ይሁን። አንድ በር ብቻ ከሆነ የሚወጣው ሰው ሁሉንም አቋርጦ፣ ሁሉንም ተሰናብቶ ነው የሚወጣው። ሁለተኛዋ ትንሽ በር በወጥ ቤቱ በኩል ትሁንና ማምለጫ ትሁን።

ማገዶው ከራሳችሁ ባህር ዛፍ ይምጣ። መንዝ ላይ አብዛኛው ሰው በኩበት ነው የሚያነደው፤ ከገበያ ኩበቱን እየገዛችሁ ዋጋውን ካስወደዳችሁበት ጎረቤት ይቀየማችኋል። ምግቡ የአገሩ ይሁን፦ የገብስ ገንፎ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ የባቄላ እሸት ሲደርስ እሸት፣ ሽሮ። ረቡዕና ዓርብ የጾም መሆኑን ወጥ ቤቱ ሳይነገረው ያውቃል።

9. እንግዳን ብቻውን የመተው ደንብ አውጡ

የቤቱ ሥራ እዚህ ድረስ ገንዘብና ጉልበት ነው። የሚከብደው ይሄኛው ነው። አገራችን እንግዳ ብቻውን አይተውም። ከመንደሩ የምትቀጥሯት ሴት በደግነት «ኧረ ቡና ደርሷል፣ ምነው ብቻዎን?» ብላ ታንኳኳለች። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ያዘነ ወይም የታመመ ይመስላቸዋል። ተቆጥታችሁ አትከልክሉ፤ ሰዓት አውጡለት። ቡና በየቀኑ ከቀኑ 10 ሰዓት በጋራ ቤት ይፈላል። አቦል ላይ የመጣ ይመጣል፣ በረካ ላይ የመጣም ይመጣል፣ ያልመጣ አይጠየቅም። ይህን ለሠራተኞቹ ምክንያቱን ጭምር አስረዷቸው። ሱባኤ ስለሚያውቁ ቶሎ ይገባቸዋል።

ሁለት ምልክት ይበቃል። በበሩ መቀርቀሪያ ላይ ነጭ የሱፍ ክር ካለ «አታንኳኩ» ማለት ነው። ያኔ ምግቡ ከበሩ ጎን ባለች ክዳን ያላት ትንሽ የግድግዳ መስኮት በኩል ይገባል። መስኮቷ በውጭም በውስጥም መዝጊያ ይኑራት፤ ሰውዬውም አመጋቢውም አይተያዩም። ክዳኗ የጠበቀ ይሁን፤ የደጋ አይጥ ቀልደኛ ነው። በጎጆ ውስጥ ምግብ አይቀመጥም።

ሁለተኛው ምልክት ለደህንነት ነው። እያንዳንዱ እንግዳ ጠዋት ሲነሳ የመስኮቱን የእንጨት መዝጊያ ይከፍታል። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ያልተከፈተ ካለ፣ ክር ይኑርም አይኑርም፣ አንድ ሰው ሄዶ ያንኳኳል። በተለይ ጓሳ ከፍታ ላይ ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሌሊት ራሱን ሊያመው ይችላል። ውሃ ይጠጣ፣ አረቄውን ለሌላ ቀን ያቆየው።

ከመንደሩ ጋርም እንዲሁ። እድር ግቡ። ልቅሶ ድረሱ፣ ደቦ ሲጠራ ሰው ላኩ። ሱፉን፣ ገብሱን፣ ሣሩን፣ ጉልበቱን ከእነሱ ግዙ። አጥራችሁን የሚጠብቅላችሁ ይህ ነው።

10. ከመክፈታችሁ በፊት እደሩበት

ቤቱ ሲያልቅ በመስከረም ለመክፈት አትቸኩሉ። በኅዳር፣ ውርጭ በሚወድቅበት ሳምንት፣ ሁላችሁም በየጎጆው አንድ አንድ ሌሊት እደሩ፤ የሚቀጥለውን ሌሊት ጎጆ ተቀያየሩ። ደብተር ያዙ። የት በኩል ነፋስ ይገባል? የማን ሳል ተሰማ? ጭሱ ይታያል? የሽንት ቤቱ መንገድ በጨለማ ይገኛል? ጠዋት ፀሐይ አልጋው ላይ የምትደርሰው በስንት ሰዓት ነው? ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ ከፊቱ ያለውን ቁጥቋጦ ዝቅ አድርጉት።

የተገኘውን ቀዳዳ በጭቃና በጭድ ድፈኑ። የሣር ክዳኑን በየዓመቱ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ እዩት፤ ጉልላቱ ላይ ያለው ሣር ቀድሞ ስለሚሳሳ ለሱ የሚሆን ነዶ በጋራ ቤቱ ቆጥ ላይ ሁልጊዜ አስቀምጡ። አሸንዳውንም በዚያው ሳምንት አጽዱ።